ፈተና የወደቀው አውሮፕላን



ሰሞኑን በየታክሲው፣ በየቡናው ላይ፣ በየለቅሶ ቤቱ ሳይቀር ወሬው አንድ ነው፤ ውጤት። “የእናንተ ልጅ ስንት አመጣ?” የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ ይቀድማል። ያመጣ ልጅ ያለበት ቤት እልል ይባላል፤ ያላመጣ ልጅ ያለበት ቤት በሩ ገርበብ ብሎ ይውላል። ቁጥሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ አስቡት፤ ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው “ወደቀ” የሚለውን ቃል ይዞ ነው ወደ ቤቱ የገባው።

አበው “በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል” ይላሉ። በወደቀ ልጅ ላይም እንዲሁ ነው። አባት አንድ ይላል፣ አክስት ትጨምራለች፣ ጎረቤት ያሳርጋል። ዛሬ ግን ስለ ልጆቹ በቀጥታ ከማውራቴ በፊት ስለ አንድ አውሮፕላን ላጫውታችሁ። አውሮፕላኑ የፈረንሳይ ነው፤ ዘመኑ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ነው፤ ስሙ ደዋቲን 513 ይባላል። ተሠራ፣ ተፈተነ፣ ወደቀ። ፋብሪካ ገብቶ ሳይመረት ቀረ።

ይህን ታሪክ እንዳነብ ያደረገኝ የልጅ ልጄ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ነው፤ አውሮፕላን ከተባለ ምሳውንም ይረሳል። አብረን የድሮ ተዋጊ አውሮፕላኖችን ሥዕል ስናይ እሱ የሚጠይቀው እንደ ሌሎቹ ልጆች “የትኛው ፈጣን ነው? የትኛው አሸነፈ?” ብሎ አይደለም። “አባባ፣ ያልተመረጡትስ የት ሄዱ?” ይለኛል። እኔም መልሱን ፍለጋ ገባሁ። ያገኘሁት ነገር ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለእኛ ለወላጆችና ለአያቶችም የሚጠቅም መሰለኝ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የፈረንሳይ አውሮፕላን ለሀገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በኦገስት 1929 ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የደረሰው አውሮፕላን በፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ የተነዳ ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ነበር። ሁለት ክንፍ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበለት፣ በዘመኑ ታማኝ የነበረ አውሮፕላን ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ግን በዚያው ሰሞን ሁለት ክንፍ የመደራረቡ ዘመን እያለፈ ነበር። መሐንዲሶቹ ባለ አንድ ክንፍ፣ ሙሉ በሙሉ ከብረታ ብረት የተሠራ፣ ከቀድሞዎቹ እጅግ የፈጠነ ተዋጊ ለመሥራት ይሯሯጡ ነበር። ከእነዚህ መሐንዲሶች አንዱ ኤሚል ደዋቲን ነው።

ደዋቲን በ1892 ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሩሲያ ሄዶ የፈረንሳይ አውሮፕላኖች እዚያ ሲመረቱ ሠርቷል። ከጦርነቱ በኋላ ቱሉዝ በተባለችው የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። መጀመሪያ ላይ አልቀናውም። በሀገሩ በቂ ትእዛዝ ስላጣ በ1927 ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ። እዚያ የነደፈው ተዋጊ በስዊዘርላንድ አየር ኃይል ተወዶ ከ60 በላይ ተመረተለት። በሀገሩ የተናቀ በጎረቤት ተከበረ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ።

በ1930 የፈረንሳይ የአየር ሚኒስቴር ያረጁትን ባለ አንድ መቀመጫ ተዋጊዎች የሚተካ አውሮፕላን ፈልጎ ውድድር ጠራ። አሥር ያህል ዲዛይኖች ቀረቡ። የአንዳንዶቹ ታሪክ ልጆችን ያስቃል። አንሪዮ የተባለው ድርጅት ሞተሩንና ፕሮፔለሩን ከአብራሪው ኋላ ያደረገ፣ ጭራውም በሁለት ረጃጅም ዘንጎች የተያዘ አውሮፕላን ይዞ መጣ። ሙሮ የተባለው ደግሞ ክንፉን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ሠራና አብራሪው ወደ ታችና ወደ ፊት በደንብ አያይም ተብሎ ቀረበት። ከሁሉም መካከል ያሸነፈው በጁን 1932 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው የደዋቲን 500 ነው። ክንፉ ከታች፣ ገላው ብረት፣ አሠራሩ ቀላልና ጠንካራ ነበር። እሱና ታናናሽ ወንድሞቹ በመቶዎች ተመረቱ። የመጨረሻው ወንድም፣ ደዋቲን 510፣ በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይበር ነበር። በትምህርት ቤት ቋንቋ ደዋቲን የክፍሉ አንደኛ ሆነ ማለት ነው።

አንደኛ የወጣ ልጅ ያላቸው ወላጆች የሚከተለውን ያውቁታል። አንደኛ የወጣ ልጅ በሚቀጥለውም ዓመት አንደኛ እንዲወጣ ይጠበቃል። ማንም “ቢወድቅስ?” ብሎ አያስብም።

በ1934 ሚኒስቴሩ እንደገና ውድድር ጠራ። ዓለም ተቀይሮ ነበር። ደዋቲን 500 አብራሪው ነፋስ እየመታው የሚቀመጥበት፣ ጎማዎቹም በረራ ላይ ሳይሰበሰቡ ተንጠልጥለው የሚቀሩ አውሮፕላን ነው። ሩሲያ ውስጥ ግን ጎማውን ወደ ውስጥ የሚያጥፍ ተዋጊ በ1933 መጨረሻ ላይ በርሮ ነበር፤ ጀርመንም በ1935 ሜሰርሽሚት 109ን አበረረች። ስለዚህ አዲሱ የፈረንሳይ ተዋጊ ጎማው የሚታጠፍ፣ የበለጠ ፈጣን መሆን ነበረበት። ደዋቲንም 513ን ይዞ ቀረበ። ክንፉ በጫፉ እየጠበበ የሚሄድ፣ እንቁላል መሰል ውብ ቅርጽ ነበረው። ጎማዎቹ ይታጠፋሉ። ሞተሩ ሂስፓኖ ስዊዛ የተባለው፣ በዘመኑ የታመነ ሞተር ነው። ለዓይን ሲታይ ምንም የጎደለው ነገር አልነበረም።

በጃንዋሪ 6 ቀን 1936 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ውጤቱም መጣ። ፍጥነቱ ከተጠበቀው በታች ሆነ። በአየር ላይ አልረጋ እያለ አስቸገረ። ያ የሚታጠፈው እግሩም ችግር አመጣ። ሦስት ነገር፣ ሦስቱም ከባድ። ተወዳዳሪው ሞራን ሶልኒየ 405 ደግሞ በኦገስት 1935 በርሮ ነበርና ቀድሞም ነበር፣ ተሽሎም ተገኘ። ሚኒስቴሩ እሱን መረጠ፤ ሞራን 406 በሚል ስም ከ1,000 በላይ ተመረተ። የደዋቲን 513 ግን በዚያው ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንነጋገር። ይህ አውሮፕላን የወደቀው በአድልዎ አይደለም። ተንኮል ተሠርቶበትም አይደለም። መውደቅ ስለነበረበት ነው የወደቀው። ይህን ማለት ለወላጅ ከባድ ነው። ልጃችን ሲወድቅ መጀመሪያ የምናደርገው ጥፋተኛ መፈለግ ነው፤ ፈተናው ከብዶ ነው፣ አስተማሪው አላስተማረም፣ ኔትወርኩ ተቋርጦ ነው እንላለን። አንዳንዴ ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ውጤቱ ስለ ልጁ ዝግጅት የሚናገረውን ሳንሰማ ሰበቡን ብቻ ከሰማን፣ ልጁን ያጽናናን መስሎን የሚጠቅመውን ወሬ እንነፍገዋለን። አውሮፕላን ለሙከራ የሚበረው እኮ ይህን ወሬ ለማምጣት ነው። አብራሪው ወርዶ “ወደ ግራ ይጎትታል፣ እዚህ ፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል” ሲል መሐንዲሱ ካኮረፈ አውሮፕላን አይሠራም።

ደዋቲን መጀመሪያ ያደረገው ብዙዎቻችን የምናደርገውን ነው፤ መጠጋገን። የ513ን ገላ ቀየሩለት፣ ጭራውን ቀየሩለት፣ ራዲያተሩን ወደ አፍንጫው አመጡለት፣ እግሩን አሻሻሉለት።  አልሆነም። የተጠጋገነውም 513 ያው 513 ነበር። አንዳንድ ችግር በመጠጋገን ይድናል፤ አንዳንዱ ግን ከመሠረቱ ነው። ልጅም እንዲሁ ነው። ሒሳብ ላይ ጥቂት ነጥብ የጎደለው ልጅ ሦስት ወር ቢረዱት ይሞላል። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ክፍልፋይ ሳይገባው የመጣ ልጅ ግን ለፈተናው ሰሞን አስጠኚ ቢቀጠርለት ገንዘቡም ጊዜውም ይባክናል። ወደ ክፍልፋዩ መመለስ ያስፈልጋል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ደግሞ ቁጣ ሳይሆን ረጋ ያለ ምርመራ ይጠይቃል።

የልጅ ልጄ በዚህ ቦታ ላይ “ታዲያ 513ን ቆራረጡት?” ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ደስ ይላል። ሁለተኛው የሙከራ አውሮፕላን 514 የሚል ስም ተሰጥቶት ሌላ ሥራ ተገኘለት፤ ፓራሹት መሞከሪያ ሆነ። አውሮፕላኖች እየፈጠኑ ሲሄዱ አብራሪ በዚያ ፍጥነት ላይ ሲዘል ፓራሹቱ ይቀደድ ይሆን፣ በትክክል ይከፈት ይሆን የሚለው መፈተን ነበረበት። ለጦርነት ያልበቃው አውሮፕላን የሰውን ነፍስ ለሚያድን ነገር በቃ።

በዚያ ዘመን ለደዋቲን አውሮፕላኖችን እየፈተነ ያበር የነበረው ማርሴል ዶሬ የፓራሹትን ዋጋ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። በሴፕቴምበር 1931 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በደዋቲን በተሠራ የረጅም ርቀት አውሮፕላን ከፓሪስ ወደ ቶኪዮ ሲበሩ ኡፋ ከተባለች የሩሲያ ከተማ አጠገብ አደጋ ደረሰባቸው። ዶሬ በፓራሹት ወርዶ ተረፈ። ጓደኞቹ ለ ብሪክስና ሜስማን ሞቱ። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ለሙከራ በረራ መነሳቱ በራሱ ይገርማል። ስለዚህ ለልጆች “ወደቀ” የሚለውን ቃል ስናስረዳ አንድ ነገር አንርሳ። ከሰማይ መውደቅ አለ፤ ወረቀት ላይ መውደቅም አለ። የሁለተኛውን አነሳሱን ከሰጠነው ይነሳል።

በዚያው በ1934ቱ ውድድር ውስጥ ከ513 የባሰ ውርደት የደረሰበት ሌላ ተወዳዳሪም ነበር። የማርሴል ብሎክ ድርጅት የሠራው ብሎክ 150 በጁላይ 1936 ለመጀመሪያ በረራው ተዘጋጀ። ሜዳው ላይ ሮጠ፣ ሮጠ፣ ሮጠና ከመሬት አልነሳ አለ። አውሮፕላን ሆኖ መብረር እምቢ አለ! የልጅ ልጄ ይህን ሲሰማ መሬት ላይ ተንከባለለ። ብሎክ ግን ክንፉን አስፋፍቶ፣ ሞተሩን ቀይሮ በሚቀጥለው ዓመት አስነሳው፤ ከእሱ የተወለዱት ተዋጊዎች በመቶዎች ተመርተው በ1940 ተዋጉ። ማርሴል ብሎክ ማን መሰላችሁ? በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች ቡኸንቫልድ ከተባለው የእስረኞች ካምፕ አስገብተውት የተረፈው፣ ከጦርነቱ በኋላ ስሙን ወደ ዳሶ የቀየረው ሰው ነው። ዛሬ ሚራዥና ራፋል የሚባሉትን ጄቶች የሠራው ኩባንያ የእሱ ነው።

ወደ ደዋቲን እንመለስ። መጠጋገኑ እንደማያዋጣ ሲገባው ብዙ ሰው የማይደፍረውን አደረገ። 513ን ተወና ከባዶ ወረቀት ጀመረ። በጁን 1936 ሮቤር ካስቴሎ በተባለ መሐንዲስ የሚመራ ቡድን አዲስ ተዋጊ መንደፍ ጀመረ። ልብ በሉ፤ 513 ከበረረ ገና 5 ወሩ ነው። አዲሱ አውሮፕላን ያነሰ፣ የጠበበ፣ በየጎኑ የታሰበበት ሆነ። ስሙም ደዋቲን 520 ተባለ።

ነገር ግን የወደቀ ሰው ሁለተኛ ጊዜ በር ሲያንኳኳ በሩ ቶሎ አይከፈትለትም። ንድፉ ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። ሚኒስቴሩ ሞራንን መርጧል፣ ፋብሪካዎች ወደ ሞራን ፊታቸውን አዙረዋል። በ1937 ደግሞ የደዋቲን ድርጅት ከሌሎች ጋር በመንግሥት ተወረሰና ሁሉ ነገር እንደገና ተደራጀ። ለ520 ሁለት የሙከራ አውሮፕላኖች እንዲሠሩ ውል የተሰጠው በኤፕሪል 1938 ነው። ከንድፉ መጀመሪያ እስከ ውሉ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው ማለት ነው። ውሉ በተሰጠ በ6 ወሩ፣ በኦክቶበር 2 ቀን 1938፣ አውሮፕላኑ በዶሬ እጅ በረረ። በዚህ ፍጥነት መድረሳቸው ሰዎቹ በነዚያ በጨለሙት ሁለት ዓመታት እጃቸውን አጣጥፈው እንዳልተቀመጡ ይመሰክራል።

520ም ቢሆን መጀመሪያ ላይ አላኮራም። ከታሰበው በታች ነበር ፍጥነቱ፤ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ። በኖቬምበር ደግሞ ጎማው ሳይወጣ አርፎ በሆዱ ተንሸራተተ። ግን በዚህ ጊዜ ችግሩ በመጠጋገን የሚድን ዓይነት ነበር። የራዲያተሩን አሠራር ለወጡት፣ ፕሮፔለሩንም አሻሻሉት፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ520 ኪሎ ሜትር አለፈ። 513 ላይ ያልሠራው መጠጋገን 520 ላይ ሠራ፤ መሠረቱ ተስተካክሎ ነበርና። በ1939 የ200 አውሮፕላኖች ትእዛዝ መጣ። ከዚያ ትእዛዙ ተደራረበ።

አሁን ወደ ታሪኩ ከባድ ክፍል ደረስን። ጦርነቱ በሴፕቴምበር 1939 ፈነዳ። ጀርመን ፈረንሳይን በምዕራብ በኩል ያጠቃችው በሜይ 10 ቀን 1940 ነው። በዚያ ቀን ለውጊያ ዝግጁ የነበሩት ደዋቲን 520ዎች ስንት ነበሩ? 36። ሠላሳ ስድስት ብቻ! አንድ ቡድን ነው የታጠቃቸው። ሜሰርሽሚት 109ን በፍጥነት ባይደርሱበትም በቅልጥፍና የሚበልጡት፣ በወቅቱ ፈረንሳይ ራሷ ከሠራቻቸው ተዋጊዎች ምርጡ ይህ ነበር። የቀሩት አብራሪዎች በአብዛኛው ጊዜ ባለፈባቸው ሞራኖችና በሌሎች አውሮፕላኖች ተዋጉ። ፋብሪካው በቱሉዝ ሌት ተቀን ሲሠራ በስድስት ሳምንት ውስጥ ጦርነቱ አበቃ፤ በጁን መጨረሻ ተኩስ አቁም ሲጸና የተሠሩት 520ዎች ከ400 በላይ ደርሰው ነበር። አባቶቻችን “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” የሚሉት ይህን ነው።

ፈረንሳይ የተሸነፈችው በአንድ አውሮፕላን ምክንያት ነው አልልም። የጦር አመራሩ ነበር፣ እቅዱ ነበር፣ ሌላም ብዙ ነገር ነበር። እኔን የነካኝ ግን ይህ ነው። 513 መውደቁ ፈረንሳይን ብዙ አላስከፈላትም። ስህተቱ ቶሎ ታወቀ፣ መሐንዲሶቹ ተማሩበት፣ የተሻለውን ነደፉ። ዋጋ ያስከፈለው ከውድቀቱ በኋላ የመጣው መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ዕድል ተሰጠ፤ ግን ዘግይቶ ተሰጠ።

እኛም ቤት እንደዚህ ነው። ልጁ ሲወድቅ ማንም ወላጅ “ከዚህ በኋላ ልጄ አይደለህም” አይልም፤ ሁላችንም በመጨረሻ እንታረቃለን። ጥያቄው መቼ ነው? ስንት ቀን ነው በኩርፊያ የምናሳልፈው? ስንት ወር ነው “እስቲ ትንሽ ይቅመሰው” ብለን የምንተወው? በሰፈሬ የማውቃት አንዲት ልጅ ውጤት ባልመጣላት ዓመት አባቷ ከመስከረም እስከ ጥር አላነጋገራትም። በጥር አንጀቱ ራራና “በይ ተነሽ፣ በግል ተመዝግበሽ ትፈተኛለሽ፤ የሚያስፈልግሽን አሟላለሁ” አላት። መልካም አባት ነው፣ ያለውንም አሟላላት። ልጅቷ ግን በነዚያ አራት ወራት ደብተር የሚባል ነገር አላየችም፣ ጓደኞቿን ሸሽታለች፣ እንቅልፏ ተዛብቷል፣ በራሷ ላይ የነበራት እምነት አልቋል። መጻሕፍቱ ሲገዙላት የሚያነባቸው ሰው አልነበረም። እርዳታው ያው እርዳታ ነው፤ በጥቅምት ቢመጣ ኖሮ ግን ዋጋው ሌላ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ከፈተና ውጤት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ውስጥ ሦስት ነገር ብናደርግ ብዬ እመክራለሁ።

መጀመሪያ፣ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ ወረቀቱን ማንበብ ነው። ድምሩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ትምህርት። “ለምን ወደቅህ?” የሚለው ጥያቄ ልጁን ያሳፍረዋል እንጂ መልስ አያመጣም። “የትኛው ላይ ነው ጊዜ ያጠረህ? የትኛውን ጥያቄ ስታየው አዲስ ሆነብህ?” ብንለው ግን እንደ ሙከራ አብራሪው ያየውን ይነግረናል። ይህን ንግግር አያት ቢመራው ይሻላል እላለሁ። አያት ከአባት ይልቅ ለመስማት ጊዜ አለው፤ ልጁም አያቱን አይፈራም።

ሁለተኛ፣ የሚጠገን ነው ወይስ እንደ አዲስ የሚጀመር የሚለውን መለየት ነው። ሬሜዲያል የሚገባ ልጅ አለ፤ በግል ደግሞ የሚፈተን አለ። ሌላው ደግሞ እጁ ወርቅ ሆኖ ልቡ ወደ ቴክኒክና ሙያ ያዘነበለ ነው፤ እኛ ግን “ሰው ምን ይለናል” ብለን ያንኑ 513 ደግመን ደግመን እናስጠግነዋለን። አዲስ መጀመር ሽንፈት አይደለም። ደዋቲን 513ን ባይተው ኖሮ 520 አይኖርም ነበር።

ሦስተኛው፣ የተለፋበት ነገር ሁሉ እንዳልጠፋ ማሳየት ነው። ለፈተናው ብሎ እንግሊዝኛ ያጠና ልጅ እንግሊዝኛው አብሮት አለ። የታናሽ እህቱን የቤት ሥራ ያግዝ፣ በሰፈር ላሉ ሕጻናት ያስጠና። 514 ፓራሹት እንደፈተነው ማለት ነው። ሰው የሚጠቅም ሥራ ላይ የዋለ ልጅ ራሱን እንደ ትርፍ ዕቃ አይቆጥርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ለልጆቻችን “የወደቁ ሰዎች ሁሉ በኋላ ትልቅ ሰው ይሆናሉ” የሚለውን ተረት አንንገራቸው። እውነት አይደለም፤ ልጆችም ውሸት ያውቃሉ። በዚያ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ተሠርተው ከሙከራ ያላለፉ ተዋጊዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ምንም አላስከተሉም። በበረራ ፍጥነት የዓለምን ክብረ ወሰን በ1924 የያዘው በርናር የተባለው ድርጅት እንኳ በ1930ው ውድድር ያቀረበው ተዋጊ ሳይመረጥ ቀርቶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድርጅቱ ራሱ ተዘጋ። ደዋቲንም መልአክ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ከጀርመኖች ጋር ተባብሯል ተብሎ ተከሰሰ፤ ሀገሩን ጥሎ በስፔን በኩል አርጀንቲና ገባ። እዚያ የነደፈው ጄት በ1947 በረረ። ከላቲን አሜሪካ የመጀመሪያው ጄት እሱ ነው፤ እሱም ለፋብሪካ ምርት ሳይበቃ ቀረ። በስተእርጅናው ወደ ፈረንሳይ ተመልሶ በ1979 ሞተ። ስለዚህ ልጆቻችን ከእሱ ሕይወት አንዱን ነገር ብቻ ይውሰዱ፤ የወደቀበትን ውጤት በአምስት ወር ውስጥ አንብቦ አዲስ ወረቀት መዘርጋቱን።

ለእኛ ለታላላቆቹ ደግሞ የሚቀረን የሚኒስቴሩ ድርሻ ነው። በቤታችን ውስጥ ዕድል ሰጪውም ነሺውም እኛ ነን። ልጁ በሩን ሲያንኳኳ ሁለት ዓመት ካስጠበቅነው፣ በመጨረሻ የምንሰጠው ነገር ጥሩ ሆኖ ሳለ ጊዜው ያልፍበታል። የቤታችሁ ልጅ ዘንድሮ ካልቀናው፣ ይህን ጋዜጣ አጥፋችሁ ስታስቀምጡ ጥሩትና የውጤቱን ወረቀት ይዞ ከጎናችሁ ይቀመጥ። ቡናውም ቢደርስ ደስ ይላል፤ ካልደረሰም ለንግግሩ ቡና መጠበቅ አያስፈልግም።

የሚቀጥለው ሳምንት ሰው ይበለን። ሰላም ሰንብቱ።